ተራ በተራ ያየነው ሐይቅ

መጋቢት 8

ለወንድሜ ለሙጫ፣

እንደምን ከረምክ? ባለቤትህና ልጆቹስ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያጉረመርማል። ደብዳቤህ የደረሰኝ የጭነት መኪና ሸራ ወለሉ ላይ ዘርግቼ፣ እየዳህኩ ጠርዙን ስሰፋ ነው። ያመጣው ሾፌር በር ላይ ቆሞ «ወፍራም ነው፤ ወይ ሠርግ ነው ወይ ክስ» አለኝ። ለዓመታት «ደህና ነን፣ ደህና ሁኚ» ብቻ ስትልክልኝ ኖረህ፣ አሁን ሦስት ገጽ ሙሉ ስለ ሐይቅ። እኔም ከሾፌሩ ያላነሰ ገርሞኛል።

ለጠየቅከኝ፣ መንገዱ አለ። የእንጨት ድልድዩ ተሰብሮ ግንድ ጥለውበታል እንጂ አባባ ይሄድበት የነበረው ያው ነው። ጠዋት ተነስቶ፣ ደኑን አቋርጦ፣ ማታ መድረስ፤ እዚያ ማደር፤ በነጋታው መመለስ። ሰው ግን ብዙም አይሄድበትም። አባባ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሐይቁን ልክ የሚያነብ ሠራተኛ አልተተካም።

«አብረን አይተነው አናውቅም» ያልከው እውነት ነው። እስክትጽፍልኝ ድረስ አስቤው አላውቅም። አባባ በየወሩ ውሃው ውስጥ የተተከለውን ባለ ቁጥር ብረት ሊያነብ ሲወጣ አንዳችንን ይወስድና አንዳችንን የታመመችውን እማማን እንዲጠብቅ አልጋዋ አጠገብ ይተው ነበር። በክረምት አንተን፤ ትንሽ ስለነበርክ ወንዙን በትከሻው ያሻግርሃል። በበጋ እኔን፤ ወንዙ ሲጎድል በእግሬ እሻገራለሁ። ስትመለስ የምታወራልኝን ግማሹን አላምንህም ነበር። አንተም የእኔን።

አሁን ግን አይሆንም። በጋው ከርሯል፤ መንገድ ላይ ያሉት ምንጮች ነጥፈዋል። ክረምቱ ይለፍና እንነጋገራለን። የሚያስቸኩል ነገር የለም።

እህትህ


መጋቢት 25

ለእትዬ፣

ሰላምሽ ይብዛልኝ። ጉልበትሽን ቅባት እሺው፤ አትናቂው። እኛ ደህና ነን። ትልቁ ልጅ ቁመቱ በለጠኝ፤ ትንሿ ደግሞ ምላሷ በለጠኝ።

ሙጫ ማለትሽን አለመተውሽ ደስ ይላል። የአባባ እግር ላይ ስለምጣበቅ ያወጣሽልኝን ስም እዚህ ማተሚያ ቤት ማንም ሳይነግራቸው ደግመው አወጡልኝ። አሁን ወረቀት መቁረጫው ላይ አይደለሁም። ጥረዛ ክፍል ቁጭ ብዬ የመጻሕፍት ጀርባ ሙጫ እቀባለሁ። ወንበር ሰጥተውኛል። ፎርማኑ «ወንበር የተሰጠው ሰው ወይ አድጓል ወይ ደክሟል» ይላል፤ እኔ የቱ እንደሆንኩ ግን አልነገረኝም።

ገርሞኛል ላልሽው፣ ምንም የተገኘ ነገር የለም። ሰው ከእህቱ ጋር ሐይቅ ማየት ፈለገ፤ በቃ። ውሃው እስከ ሾላው ሥር ይመጣ ነበር። አንቺ ዛሬም ከሾላው ሥር ድንጋይ ብወረውር ውሃው ጋ አይደርስም ትያለሽ። ከሁለት አንዳችን ውሸታም ነን፤ ሄደን እንፍረድ።

ክረምቱ ሳይገባ ብንሄድ ይሻለኛል። ውሃ ከቤት ይዘን እንወጣለን። ሸክሙን ተካፍለን እንይዛለን ያልኩትን ግን ሰርዢው፤ አብዛኛውን አንቺ ትይዥልኛለሽ። ከፊት እኔ እሄዳለሁ። የአባባ ሕግ የታወቀ ነው፤ አትከራከሪኝ።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 11

ለሙጫ፣

ደብዳቤህ ሲደርሰኝ መልስ ልጽፍ ተቀምጬ ተነሳሁ። ዛሬ እንደገና ተቀመጥኩ።

በአባባ ሕግ ከፊት የሚሄደው ዝግተኛው ነው። ማንም አይቀድመውም፤ ማንም ከኋላ አይገፋውም። ልጅ ሆነህ ከፊት ሂድ ስትባል እያለቀስክ ወደ ኋላው ትሸሽ እንደነበር አባባ እየሳቀ ነው የነገረኝ። ዛሬ ማንም ሳይልህ ከፊት ልሁን አልክ። ወንበር ሰጡኝም አልክ። ሸክሙን ያዢልኝም አልክ።

ሐኪም ቤት ሄደሃል? ምን አሉህ? ለሚስትህ የነገርካትን ለእኔም ንገረኝ። ለእሷም ካልነገርካት መጀመሪያ ለእሷ ንገራት።

ስለ ጉዞው፣ ከክረምቱ በፊት አይሆንም ብያለሁ። ድንኳን ግን እሰፋለሁ። ከሸራ የተረፈ ቁራጭ አለኝ፤ ለሁለት ሰው ይበቃል። የሸራ ድንኳን ይከብዳል፤ ተሸካሚዋ እኔ ነኝ፣ አንተን አይመለከትህም።

እህትህ


ሚያዝያ 29

ለእትዬ፣

ይቅርታ፤ የዘገየሁት ስፈራ ነው።

ልቤ ነው። ተለቅ ብሏል፤ እንደ ድሮው አይገፋም አሉ። ሚስቴ አብራኝ ነበረች። እዚያው «ድሮም ልበ ሰፊ ነው» ብላ ሐኪሟን አሳቀቻት። ቤት ስንገባ ኩሽና ገብታ ቧንቧውን ከፍታ ቆየች። ዕቃ ግን አልታጠበም።

ሐኪሟ ልጅ ናት፤ ስትናገር ወረቀት ወረቀቷን ታያለች። መድኃኒቱን ከወሰድክ ይህን ክረምት ደህና ትሆናለህ አለችኝ። የሚቀጥለውን አላነሳችም፤ እኔም አልጠየቅኳት። መራመድ አልከለከለችኝም። ቀስ ብለህ አለች፤ ስለ ዳገትም እኔ አልነገርኳት። ያልጻፍኩልሽ መንገዱን ትሰርዢብኛለሽ ብዬ ነው። አሁንም ያን እፈራለሁ።

ምን ትፈልጋለህ ቢሉኝ ብዙ የለኝም። ልጆቼን በየቀኑ አያለሁ። የጠረዝኩትን መጽሐፍ ሰው አውቶብስ ውስጥ ሲያነብ አያለሁ፤ ደስ ይለኛል፣ ጠራዡ እኔ ነኝ ብዬ ግን አላስቸግርም። ያን ውሃ ካንቺ ጋር ቆሜ ማየት ቀረኝ። እማማ አልጋ አጠገብ የቀረው ሰው ሳይኖር፣ ሁለታችንም እዚያ ሆነን።

ሐይቁስ አሁን እንዴት ነው? ከክረምቱ በኋላ ካልሽ ይሁን። ከዚያ ግን አይለፍ።

ወንድምሽ


ሐምሌ 19

ለሙጫ፣

ስለ መዘግየቴ ይቅር በለኝ። ያን ደብዳቤ እንዴት እንደምመልስ አላውቅበት ብዬ ነው፤ አሁንም አላውቅበትም። ስለዚህ ስለ ድንኳኑ እጽፍልሃለሁ።

ጨረስኩት። ስፌቱን በሻማ አሽቼዋለሁ፤ ዝናብ አያስገባም። ግቢው ውስጥ ተክዬ አደርኩበት። ጠዋት ጎረቤቴ በአጥር ላይ አንገቷን አስግጋ «ከማን ተጣልተሽ ነው ውጭ ያደርሽው?» አለችኝ። ይህን የምትለው ብቻዬን ለምኖረው ለእኔ ነው። ከራሴ ጋር አልኳት፤ አመነችኝ።

ጫማህን ከአሁኑ እያደረግህ ሥራ ሂድበት፤ አዲስ ጫማ ደኑ ውስጥ አይለመድም። መድኃኒትህን በሁለት ቦታ ከፍለህ ያዝ፤ ግማሹ እኔ ኪስ ይሆናል። በአንድ ቀን እንድረስ አንበል። ግማሽ መንገድ ላይ አድረን፣ በሁለተኛው ቀን ቀስ ብለን እንደርሳለን፤ እዚያ እናድራለን። ካንተ ጋር የሚሄደው የውሃ ጠርሙስና ብርድ ልብስ ብቻ ነው።

ሐይቁ እንዴት ነው ላልከኝ፣ ከዚህ አይታይም፤ ዳገቱ ይከልለዋል። ዝናቡ ዘንድሮ ደህና ነው።

አንድ ነገር ላንሳ። ከመኪናው መንገድ ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ሄደህ ፏፏቴ አለ። አግዳሚ ወንበር ሠርተውበታል። ባለቤትህንና ልጆቹን ይዘህ ብትመጣ ሁላችንም እዚያ ብንውል ምን ይመስልሃል? አስብበት።

እህትህ


ነሐሴ 26

ለእትዬ፣

አሰብኩበት። ፏፏቴውን ለልጆቼ ተዪላቸው፤ እነሱ ወንበር አልተሰጣቸውም፣ ይቀመጡበት።

ስለ ሐይቁ ስጠይቅሽ ስለ ዝናቡ መለስሽልኝ። ልብ ብያለሁ። ስለ እኔ ፈርተሽ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ፍርሃቱ ለሁለታችን የሚበቃ ያህል እዚህ ቤት አለ። ሚስቴ በመጀመሪያ አይሆንም ብላ ነበር። ከዚያ ካልሲ ገዝታ መጣች። ከዚያ ሌላ ካልሲ። አሁን ሱቅ ልከፍት የምሄድ ነው የሚመስለው።

ጫማውን ለምጄዋለሁ። ማተሚያ ቤቱ ሲያየኝ «ሙጫ ተራራ ሊጠርዝ ነው» ይላል። ፈቃድ ወስጃለሁ፤ ፎርማኑ ለስንት ቀን ነው ሳይለኝ ፈረመ። ያ ትንሽ ደስ አላለኝም።

መስከረም 14 ከሰዓት በኋላ አውቶብስ ተራ ጠብቂኝ። ሌላ ደብዳቤ አትጻፊልኝ፤ ቢደርሰኝም አልከፍተውም።

ወንድምሽ


ጥቅምት 3

ለእትዬ፣

ደህና ገብቻለሁ። ወዲያው ስላልጻፍኩልሽ ይቅርታ፤ ተኝቼ ነበር። ሐኪሟ ከእንግዲህ ፎቅ ደረጃም አይሆንም አለች። መንገዱ ነው የጎዳኝ ብዬ አይደለም የምነግርሽ። ይመጣ የነበረው መጣ። ብቻ ደግሜ እንደማልሄድ እንድታውቂው ነው።

ስለዚህ የምጠይቅሽን በእውነት መልሽልኝ።

ድንኳንሽ ውስጥ ያደርንበት ሌሊት ደህና ነበር። በማግስቱም ደህና ነበርኩ። የመጨረሻው ዳገት ወገብ ላይ ድንጋይ ተደግፌ ዳቦ እየበላሁ ነበር፤ ትንፋሼ ተመልሷል፤ እንዲያውም እቀልድ ነበር። አንቺ ራስሽ «ጫፉ ላይ ከወጣን ሐይቁ ፊት ለፊታችን ነው» ብለሽኛል። «ውሃ ቀድቼ ልምጣ፣ አንተ እረፍ» ብለሽ ጀሪካኑን ይዘሽ ወጣሽ። ቆየሽ። ተመልሰሽ ስትመጪ ዓይኔን ሳታዪ «ይበቃሃል፣ እንመለስ» አልሽ።

ታላቄ ነሽ፤ ተነሳሁ። ወደ ታች ስንወርድ ነው ልብ ያልኩት። ጀሪካኑ ከኋላዬ ከሸክምሽ ጋር ይጋጫል፤ ድምፁ የባዶ ነው። ከሐይቅ ባዶ ጀሪካን ይዞ የሚመለስ ማን ነው?

ለልቤ ፈርተሽ ከሆነ በይኝ፤ ይቅር እልሻለሁ። ግን ልቤ የእኔ ነበር። የት ላድርሰው የሚለውን እኔ ነበርኩ የምወስነው።

ወንድምሽ


ጥቅምት 15

ለወንድሜ፣

ሐይቁ የለም።

ይህን ብቻ ጽፌ ልልክልህ አስቤ ነበር፤ ግን ጠይቀኸኛል።

ወደ ሐይቁ የሚገባውን ወንዝ ከላይ ለእርሻ ጠልፈውታል። ከተጠለፈ ቆይቷል። ግንድ የሚጭኑ ሾፌሮች ሸራ ሊያሰፉ ሲመጡ ነግረውኛል። የመጀመሪያው ደብዳቤህ ሲደርሰኝ አውቅ ነበር። ክረምቱ ይለፍ ያልኩህ ምናልባት ይሞላ ይሆናል ብዬ ነው። ዝናቡ ጥሩ ስለነበር ተስፋ አደረግኩ። ሄጄ እንዳላይ ፈራሁ፤ ካየሁ እንደምነግርህ አውቃለሁ። ስለዚህ አላየሁም። ድንኳን ሰፋሁ።

አንተ ስታርፍ ጫፉ ላይ የወጣሁት ቀድሜ ላይልህ ነው። መሬት ነው ያየሁት። ትልቅ ግራጫ መሬት፤ መሐሉ ላይ ትንሽ የሚያበራ ነገር አለ። እዚያው ቁጭ አልኩ። የቆየሁት እዚያ ነው።

ለልብህ አልፈራሁም። ማለቴ እሱንም ፈርቻለሁ፤ ግን የመለስኩህ ለእሱ አይደለም። እኔ በጋውን ነው የማውቀው፤ ጎዶሎ ማየት ከልጅነቴ ለምጃለሁ። አንተ ሙሉውን ብቻ ነው የምታውቀው። ያን ሁሉ መንገድ እያቃሰትክ ወጥተህ፣ በአባባ ትከሻ ላይ ሆነህ ያየኸውን በዚያ መሬት ላለውጥብህ አልፈለግኩም። ሳትደርስ ብትቀር ውሃው እንዳለ ይቀርልሃል ብዬ ነው።

ትክክል መስሎኝ ነበር። ስንወርድ ከኋላህ ሆኜ አንገትህን እያየሁ ስሄድ ትክክል መስሎ አልታየኝም። መመለስ እንችል ነበር። አፌ እንቢ አለኝ።

እህትህ


ጥቅምት 30

ለተከበርሽ እህታችን፣

ይህን የምጽፈው እኔ ነኝ፣ የወንድምሽ ሚስት። እጁ እስክሪብቶ አልይዝ ብሎታል። እሱ ይላል፣ እኔ እጽፋለሁ። ያለውን እንዳለ ጻፊ ብሎኛል።

እትዬ፣ ደብዳቤሽን ሰምቼ ተናድጄ ነበር። አሁን ትቼዋለሁ፤ መናደድም ትንፋሽ ይፈልጋል።

ውሃ ፍለጋ የወጣሁ መሰለሽ እንዴ? ውሃ እዚህም ቧንቧ አለ። ካንቺ ጋር ቆሜ ማየት ነበር የፈለግኩት። ጭቃ ከሆነም ጭቃውን ሁለታችን እናየው ነበር። አንቺ ትሰድቢያቸዋለሽ፤ እኔ እቀልዳለሁ፤ ከዚያ ድንኳንሽን እንተክላለን። አሁን አንቺ ብቻሽን አየሽው። እንደገና ተራ በተራ ሆነ። የእኔ ተራ ደግሞ አይደርስም።

አላለቅስብሽም። አንድ ነገር አድርጊልኝ። ከጫፉ ላይ ሆነሽ ያየሽውን አይደለም የምፈልገው። ውረጂበት። እደሪበት። ከዚያ እንዳለ ጻፊልኝ። አታሳምሪው። ልጅ ሆኜ ከሐይቁ ስመለስ አወራልሽ እንደነበረው አታውሪልኝ፤ እኔ በዚያን ጊዜ እዋሽ ነበር።

የእሱ እዚህ ላይ አበቃ፤ ደከመው። ከዚህ በታች የራሴ ነው። ያለፈውን ደብዳቤሽን ሳነብለት «ሐይቁ የለም» የሚለውን ልዘል ሞክሬ ነበር። ፊቴን አይቶ «ምን ዘለልሽ?» አለኝ። እህቴ፣ አንቺን ልወቅስሽ አልችልም፤ እኔም እጄ ላይ ሲደርስ ያደረግኩት ያንኑ ነው። ሐኪሟ ትናንት ቤት ድረስ መጥታ ነበር። ቶሎ ጻፊ።


ኅዳር 12

ለወንድሜ ለሙጫ፣

ሄጄ መጣሁ። ብቻዬን ነው የሄድኩት፤ አንድ ሌሊት እዚያው አድሬያለሁ። እንዳለ እጽፍልሃለሁ።

ዳገቱን ወርደህ መጀመሪያ የምታገኘው ሽታ ነው። እንደ ረጠበ ውሻ ያለ ሽታ ነው፤ ከዚያ ትለምደዋለህ። ዳር ዳሩ ጭቃው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ስንጥቁ እጄን እስከ አንጓዬ ያስገባል። ስትረግጠው ይሰበራል፤ ድምፁ የሸክላ ነው። የዓሣ አጥንት በየቦታው አለ፤ ትንንሽ ነው። ላሞች ገብተውበታል፤ ኩበታቸው አለ። አንድ የጎማ ጫማ አገኘሁ፤ የግራ እግር ነው፤ የማን እንደሆነ አላውቅም።

ሾላውን ቆርጠውታል። ጉቶው አለ፤ ክርክራችን ግን አይፈታም።

አባባ የሚያነበው ብረት ደረቅ መሬት ላይ ቆሟል። ከብት ስለሚታከከው ዘንበል ብሏል። ከላይ ያሉት ቁጥሮች፣ አባባ ያነባቸው የነበሩት፣ ፀሐይ በልቷቸው አይለዩም። ከታች ያሉት ግን ዘመናቸውን ሁሉ ውሃ ውስጥ ስለነበሩ ቀለማቸው ትናንት የተቀባ ይመስላል። አባባ እነሱን አይቷቸው አያውቅም። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አነበብኳቸው።

መሐል ላይ ውሃ አለ። የቤታችንን ግቢ ያህል ነው፤ አረንጓዴ ነው፤ አይጠጣም። ሁለት ረጃጅም ወፎች ቆመውበት ነበር። ስቀርብ አልሸሹም፤ አንዷ ብቻ እግሯን ቀየረች። ድንኳኑን ከውሃው ራቅ አድርጌ ተከልኩት። መሬቱ ጠንካራ ስለሆነ ካስማ አልይዝ ብሎኝ ድንጋይ ተጠቀምኩ። ትንኙ መዓት ነው። እንቅልፍ ብዙም አልወሰደኝም። አለቀስኩ ብልህ ውሸት ነው፤ በረደኝ።

ጠዋት ላይ ጭጋግ ተኝቶበት ነበር። ጭጋጉ እስኪነሳ ድረስ ውሃ ይመስላል። ይህን ልተወው ፈልጌ ነበር፤ አሳመርሽው እንዳትለኝ። ግን እዚያ የነበረ ነገር ስለሆነ ጻፍኩት። ከዚያ ፀሐይ ወጣ፣ ጭጋጉ ተነሳ፣ መሬት ሆነ።

ያየሁት ይህ ነው። የረሳሁት ካለ ጠይቀኝ፤ የጠየቅከኝን ብቻ እመልስልሃለሁ፣ ሌላ አልመልስልህም።

እህቴ፣ ይህን የምታነቢለት። ስለ ሽታው ያለውን ዘለሽው ከሆነ ተመልሰሽ አንብቢለት። ስለ አጥንቱም፣ ስለ ኩበቱም። ድምፅሽን አታለስልሺው። ተኝቶ ከሆነ ጠብቂውና ሲነቃ ከመጀመሪያው ጀምሪለት። ካልነቃም ጮክ ብለሽ አንብቢው።

እህታችሁ